በረመዳን ሽሮዬን የሚቀምስልኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሽሮዬ አወቀኝ። ፊቴን አይቶ አይደለም፤ ድምፄንም ሰምቶ አይደለም። ቂሊንጦ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ በሚጠብቁበት ዳር፣ ጠዋት ጠዋት ድስቴን ከሰል ላይ ጥጄ ለሠራተኞቹ ምሳ ዕቃቸውን እሞላለሁ። ሰውዬው የሌሊት ተረኛ የፋብሪካ ጥበቃ ነው፤ ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ የደንብ ልብሱ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ሽሮ ገዛኝና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ ማኘኩን ተወው። ረመዳን ነው፤ የሠራሁትን አልቀመስኩትም። ድንጋይ አገኘበት ይሆን፣ አረረ ይሆን ብዬ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«እማማ፣ ድሮ ቃሊቲ፣ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሽሮ ይሸጡ ነበር?» አለኝ።

«እሸጥ ነበር። ምነው?»

«አንቱ ዘይነባ ነዎት!»

«አንተስ ማነህ?»

«እኔን አይተውኝ አያውቁም። ደምሴ እባላለሁ፤ የአስካለ ልጅ ነኝ። ያንን ሁሉ ዓመት ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ምግብዎን በላሁ፤ መልክዎን ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።» ደንብ ልብሱን አየት አደረገና ሳቀ። «ዛሬ በር ጠባቂው እኔ ሆንኩልዎ!»

የእማማ አስካለን ደኅንነት ጠየቅኩት። «አረፈች» አለኝ፤ «ካረፈችም ቆየች።» ጭልፋዬን አስቀመጥኩ። ሰርቪሶቹ ጥሩምባ እየነፉ ነበር፤ ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን ዘርግቶ «ማዘር ቶሎ በያ!» ይለኛል፤ እጄ ይሞላል፣ ይከድናል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። በዚያ በድሮው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያዬ ሥር ቆሜ ነበር።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ የሐርቡ። ወደ አቃቂ ቃሊቲ ያመጣኝ ባለቤቴ ነው፤ ተሳቢ ይነዳ ነበርና መኪናው የሚያድረው እዚህ ስለሆነ እኛም እዚሁ አደርን። ልጃችን ሐያት ገና ዳዴ ስትል አላህ መንገድ ላይ ወሰደው። አገሬ የዕለት መንገድ ነው፤ ግን ሰው ባልሞተበትና ባልደኸየበት ጊዜ ነው እንጂ መንገዱ የዕለት የሚሆነው፣ ያኔ ለእኔ የባሕር ማዶ ያህል ራቀኝ። ዘመኑን እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ማን ያስተዳድር እንደነበር ሌሎች ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ሽሮ በእንጀራ በሁለት ብር ከሃምሳ እሸጥ እንደነበር ነው። ሰማያዊና ነጭ የሆኑት ሚኒባሶች በር ላይ ወያላው አንድ እግሩን አንጠልጥሎ «ሳሪስ አቦ! ሳሪስ አቦ!» እያለ ሲያልፍ፣ የፈረስ ጋሪው ከተሳቢው ጋር መንገድ ሲሻማ፣ የፋብሪካው ጭስ ከጧት ጉሙ ጋር ተደባልቆ ዓይን ሲያቃጥል። ኮንጎ ጫማዬ በክረምት ውኃ ይጠጣ ነበር፤ ለበጋውም ለክረምቱም እሱው ነበር። ሻሼ ግን ከባቲ ገበያ የመጣ፣ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ነበር፤ ሥራ ላይ ስሆን ለብቻው ንጹሕ አድርጌ የማስረው። እናቴ ትለኝ የነበረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው እጅሽን ከማየቱ በፊት የራስሽን ማሰሪያ ያያል ነው።

ከጎኔ የስልጤው ሸምሱ ሱቅ ነበረው። ፕላስቲክ ሳህን፣ ሳሙና፣ የሶፍት ወረቀት፣ ለጠያቂ የሚሆን ሁሉ አለው። ጠዋት በቴፑ መንዙማ ይከፍታል፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ካሴቱን ይገለብጥና ዘፈን ያደርገዋል። «ሸምሱ፣ አሁን ይሄ ምንድን ነው?» ስለው «እኔ አይደለሁም፤ ደንበኛ ነው የሚፈልገው» ይላል፤ ጭንቅላቱ ግን ከዘፈኑ ጋር ይወዛወዛል። ዛሬም ያንን ዜማ ታክሲ ውስጥ ስሰማ ቀድሞ የሚመጣልኝ የዘፋኙ መልክ ሳይሆን የሸምሱ ጭንቅላትና ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ቀይ ባልዲዎች ናቸው።

የእኔዋ ቤት ቆርቆሮ ናት፤ ፊቷን ወደ መንገድ፣ ጀርባዋን ወደ ቦዩ የሰጠች። ሐያት እዚያ ውስጥ አደገች። ከመደርደሪያው ሥር ፍራሽ አነጠፍኩላት፤ መጀመሪያ ፊደል የለየችው ከዘይት ጀሪካን ላይ ነው። ሥራው እንዲህ ነበር፤ ጠያቂው ከሩቅ ይመጣል፣ ሌሊት ተነሥቶ የተሳፈረ አለ፣ ለዘመዱ የሚያስገባለት ምግብ ግን ይዞ አልመጣም፤ ይዞ የተነሣውም መንገድ ላይ ይበላሽበታል። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ሳህኑን ያስሞላል፣ ይዞ ይገባል። በምን እንደታሰረ ማንንም አልጠየቅኩም። ያ ሕጌ ነበር። የምጠይቀው «በርበሬ ይስማማዋል?» ብዬ ብቻ ነው።

ስጀምር ሰው ሁሉ «ሥጋ ሥሪ፤ ትርፉ ሥጋ ላይ ነው» አለኝ። እኔ ግን አሰብኩ። የሙስሊም ሥጋ ብሠራ ክርስቲያኑ አይበላልኝም፤ የክርስቲያን ሥጋ ደግሞ እጄ አይነካም። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው ለሁለት ከፍዬ አንዱን ጦሙን ላሳድር ነው? ስለዚህ ሥጋ የማይገባበት ድስት ይዤ ተነሣሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፤ በዘይት። ጾመኛውም ይበላዋል፣ የፈታውም ይበላዋል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ሽሮዬን ላወርድ ስል ከሐርቡ የማስመጣውን በሶብላና የተወቀጠ ነጭ አዝሙድ ጣል አደርግበት ነበር፤ ደምሴን ያስቆመው እሱ መሆን አለበት።

ችግሩ ረመዳን ሲገባ ነበር። ጾመኛ ሴት ጨው እንዴት ታውቃለች? በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ለቸገረው ይፈቀዳል የሚሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን አልደፍርም ነበር፣ አሁንም አልደፍርም። ጨው ቀማሼ ሐያት ሆነች። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበረች ጠዋት አጠገቤ ናት። የለስላሳ ሳጥን ላይ ትወጣለች፣ እፍ ትላለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀምሳለች። «ትንሽ ይቀረዋል እማ» ወይም «ልክ ነው እማ»። በዚህ ሥራዋ የነበራት ኩራት! እንኳን ለእኔ፣ ለሸምሱም አትበገርለትም። «ሐያት፣ ሽሮው ሸቶኝ ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው» ሲላት «አንተ ደግሞ አፍንጫህን ያዝ!» ትለው ነበር።

ሁለተኛው ችግር በሩ ላይ ነው። የሚገባውን ምግብ ጠያቂው ራሱ በፖሊሱ ፊት መቅመስ አለበት፤ ደንብ ነው። በረመዳን ታዲያ ሙስሊሟ እናት እንዴት ትቅመስ? እዚህ ላይ ነው እማማ አስካለ የሚመጡት። ቁመታቸው አጭር፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። ማንም ሳይለምናቸው ሰልፉ መሐል ይቆሙና «አምጡ፣ የጾማችሁ ወደ እኔ አምጡ፤ ሆዴ ሰፊ ነው!» ብለው በማንኪያቸው ከየሳህኑ ይቀምሱላቸው ነበር። የሁዳዴ ጊዜ ደግሞ እሳቸው ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱምና እኔ በሩ ድረስ አብሬያቸው ሄጄ እቀምስላቸዋለሁ። ፖሊሶቹም ለምደውን «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ይሉን ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከሐርቡ የመጣው። በረመዳን አጋማሽ፣ በጠዋት፣ እህል ጭኖ ከሚመጣ መኪና ላይ ወረደ። ወንድምዓለም ነው የምለው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰው ነግሮት ነበር፤ እህትህ እስር ቤት በር ላይ ተቀምጣለች ተብሎ። ገባ፣ ዙሪያውን አየ፣ ሐያትን ሳማት።

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አላት።

«ጨው የማውቀው እኔ ነኝ» አለችው።

እሱ አልሳቀም። ወደ ቦዩ በኩል ጠራኝ። ከጧት ጀምሮ ሽሮው እሳት ላይ ነው፤ ሐያት ቀምሳ «ልክ ነው» ካለችኝ ገና አፍታም አልሞላ። ትቼው ወጣሁ።

«ዘይነባ፣ ልጅ እስር ቤት በር ላይ አታድግም። እኔ ጋ ትምጣ። ከልጆቼ ጋር ትማር፣ ቁርአኗን ትቅራ። አንቺም ከፈለግሽ ነይ።»

«ልጄ ከእኔ ጋር ነው የምታድገው።»

«በቆርቆሮ ቤት? በፖሊስና በሾፌር መሐል? ነገ ሰካራሙ ሁሉ እየመጣ ሲሰድብሽ እያየች?»

«ማንም ሰድቦኝ አያውቅም ወንድምዓለም።»

«አያለሁ። ዛሬ እዚሁ ተቀምጬ እውላለሁ። ሰው አክብሮ ሲገዛሽ ካየሁ አፌን እይዛለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ሳህን ቢወረውርብሽ ግን፣ ወላሂ፣ ልጅቷን ይዤ ነው የምሄደው።»

ጭካኔ አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ለዚያ ነው የፈራሁት። ጨካኝን ሰው ይሟገታል፤ የሚወድሽን ምን ትይዋለሽ? ዞር ስል እማማ አስካለ ሳህናቸውን ይዘው መደርደሪያው ጋ ቆመዋል። ሁሉን ሰምተዋል። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ስመለስ ሐያት ሳጥኗ ላይ ወጥታ ጭልፋውን ይዛለች። «አማሰልኩልሽ እማ!» አለችኝ ጮክ ብላ፣ አጎቷ እንዲሰማት። የጨው ቆርቆሮው ክዳን ተከፍቶ ነበር፤ ከደንኩት። ከዚያ ማሰብ አልቻልኩም። ጠያቂዎቹ ሳህናቸውን ዘርግተዋል፤ ወንድሜ ሌላ የለስላሳ ሳጥን አውጥቶ ከፊት ለፊቴ፣ መንገዱ ዳር ተቀምጧል፣ መቁጠሪያውን እያንከባለለ። ሞላሁ። ለሁሉም ሞላሁ። እየሞላሁ በልቤ፣ ያ ረብ፣ ዛሬን ብቻ ሸፍነኝ እል ነበር። ሰልፉ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ከእኔ ቦታ ይታያል፤ የሚባለው ግን አይሰማም። እማማ አስካለ እንደ ወትሮው መሐል ቆመው ከየሳህኑ ሲቀምሱ፣ ፖሊሱም ሲያሳልፍ አየሁ። ማንም አልተመለሰም።

ከጥየቃው ሲወጡ ግን በእኔ በኩል ማለፋቸው አይቀርም። አንድ በአንድ መጡ። «እጅሽ ይባረክ ዘይነባ» ብላ አለፈች አንዷ። «አላህ ይስጥሽ» አለች ሌላዋ፤ ወደ ወንድሜ ሳታይ። እማማ አስካለ መጨረሻ ላይ ደረሱና «ውኃ ስጪኝ እስቲ ልጄ፣ ፀሐዩ ገደለኝ» አሉ። አንድ ጣሳ ጠጡ። ደግመው ጠጡ። አሁንም ደገሙ። ወንድሜ ተነሥቶ እጅ ነሣቸው።

«እናት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዚች ልጅ ምግብ እንዴት ነው?»

ጣሳውን ሰጡኝና አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔ ልጅ አለኝ እዚያ ውስጥ። ለልጄ መጥፎ ምግብ ይዤ የምገባ እመስልሃለሁ?»

ወንድሜ መሬት መሬት አየ። የአስርን ሶላት እንደሰገድን ወደ መኪናው ሸኘነው። ሐያትን አንሥቶ አቀፋት፣ አወረዳት፣ እጇን መልሶ በእኔ እጅ ላይ አደረገው። «በይ አሳድጊያት» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየዒዱ በርበሬና በሶብላ ይልክልኝ ነበር፤ ስለመውሰድ ግን አንድም ቀን አላነሣም። ያን ዕለት ማታ ለእኔና ለሐያት ማፍጠሪያ የሚሆን ሽሮ አልተረፈኝም፤ ድስቱ ተጠርጎ ነበር። በተምርና በውኃ አፈጠርን፤ አልሃምዱሊላህ አልን። ያቺ ቀን በሥራዬ ያሸነፍኩባት ቀን ናት ብዬ ነበር እስከዛሬ የኖርኩት።

መንገዱ ሲሰፋ ያቺ ቆርቆሮ ተነሣች። ሸምሱ ሱቁን ወደ ሳሪስ አዞረ። ሐያት ተምራ ሐዋሳ ነርስ ሆናለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። በስልክ ዋናው ወሬዋ ይሄ ነው፤ «እማ፣ አሁንስ ይበቃሻል። ከሰል ላይ ማጎንበስ ይብቃሽ፤ ነይ እኔ ጋ አረፍ በይ።» ልክ እንደ አጎቷ፣ ወዳኝ ነው። እኔም ለአጎቷ እንደመለስኩት ነው የምመልስላት።

ደምሴ ያን ጠዋት ሰርቪሶቹ እስኪሄዱ ጠበቀኝ። ሳህኑን ጨርሶ በእንጀራ ጠርጎታል።

«እማማ፣ ስንት ዓመት በልቼ አንድ ቀን ብቻ ነው ያማረርኩት» አለኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ጨው! አንድ የረመዳን ቀን ጨው ብቻ አስገቡልን። ሽሮ አልነበረም እኮ፣ የአፋር ሜዳ ነበር! ደረቅ ዳቦ እየፈተፈትንበት፣ ግማሽ ባልዲ ውኃ ጠጣን። ማታ ሙስሊሞቹ ሲያፈጥሩማ፣ ምስኪኖች፣ ከጾሙ ይልቅ ማፍጠሪያው ነው ያስጠማቸው። እናቴን በአጥሩ በኩል ‹ምን ነካት ሴትዮዋ?› ስላት፣ ተቆጣችኝ። ‹ብላና ዝም በል። የሴትየዋ ልጅ በዚች ሳህን ላይ ናት› አለችኝ። በኋላ ነው የነገረችኝ። በሩ ላይ መጀመሪያ የቀመሰችው እሷ ናት። ቀምሳ ወደ ሰልፉ ዞረችና ‹ማንም ፊቱን እንዳያጨማድድ፤ ልጅቷን ሊወስድባት የመጣው ወንድሟ እያየን ነው› አለቻቸው። ከዚያ የጾሙትን ሁሉ ሳህን ያንን ጨው እየቀመሰች አሳለፈች። ፖሊሱ ‹እንዴት ነው እማማ?› ሲላት ‹ማር!› አለችው።»

ያቺ ጣሳ ትዝ አለችኝ። ፀሐዩ ገደለኝ ብለው ነበር። ያን ቀን ደመና ነበር።

ቤቴ ስደርስ ሐያትን ደወልኩላትና ነገርኳት። ከዚያ «እማ» አለች፣ እንደ ልጅነቷ። «አጎቴ እያየኝ ስለነበር ነው። ሥራ የምችል መሆኔን ካየ አይወስደኝም ብዬ... ጥሩ አድርጌ በእፍኜ ነው የጨመርኩት።» አለቀሰች፤ መልሳም ሳቀች፤ እኔም ሁለቱንም አደረግኩ። «በቃ፣ አሁን ይብቃሽ» ማለቷን ግን ያን ቀን አላነሣችውም። እኔም ብታነሣው መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። በእኔ ብቻ የቆመ ሥራ ቢሆን ኖሮ ደክሞኛል ብዬ ብተወው ማን ይጠይቀኛል? በስንት ሰው ጥም የቆመ ሥራ ነው ለካ፤ አቅም እያለኝ እንዴት አስቀምጠዋለሁ?

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ፣ ለእማማ አስካለም በምችለው ቃል ለምኜላቸው፣ ድስቴን ይዤ ወረድኩ። ደምሴ ከፈረቃው ሲወጣ ጠራሁት። ማንኪያውን ሰጠሁት።

«እስከ ዒድ ድረስ ጠዋት ጠዋት ትቀምስልኛለህ። እናትህ የጀመሩት ሥራ ነው።»

እፍ ብሎ ቀመሰ። ፊቱ አልተንቀሳቀሰም፤ ቁርጥ እናቱን መሰለ። «ማር ነው» አለ።

«እንደ እናትህ አታታልለኝ። ዛሬ ልጅ የሚወስድብኝ የለም።»

ሳቀ፤ ደግሞ ቀመሰ። «ትንሽ ጨው ያንሰዋል እማማ።»

ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። የመጀመሪያው ሰርቪስ ጥሩምባውን ነፋ።